አንድ ማጫወቻ፣ አራት አስተያየት

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቷል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ አትነሳም። ስልኳ ላይ ደንበኞች ስለሚደውሉባት ዘፈን ከፍታ ባትሪ መጨረስ አትፈልግም። ስለዚህ አንድ ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ ልትገዛ አስባለች። "እናንተ ጋ ያለው ዓይነት እንዴት ነው? ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?" አለችን።

ለመመለስ ከእኛ የሚቀርብ አልነበረም። የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ከዱባይ ስትመጣ አራት አንድ ዓይነት ማጫወቻ ይዛ ነበር። አንዱ ለአክስቴ፣ አንዱ ለታናሽ ወንድሟ፣ አንዱ ለእኔ ደረሰ። አራተኛውን የብሎካችን የሌሊት ጥበቃ ለሆኑት ለጋሼ ሰጠናቸው። አራታችንም ወደ ዓመት ገደማ ተጠቅመንበታል።

አክስቴ ቀደም ብለው "ገንዘብ ማባከን ነው፤ ለእኔ ዓይነት ሰው አልተሠራም" አሉ። ታናሹ የእህቴ ልጅ "ድምፁ ቆርቆሮ ነው" አለ። ጋሼ "መጀመሪያ ሸጋ ነበር፤ አሁን ሬዲዮውም ጠፋ፣ ባትሪውም አልረባ አለ" አሉ። እኔ ደግሞ እንደሱ የወደድኩት ዕቃ የለም አልኩ።

ጎረቤታችን ስኒዋን አስቀምጣ አንድ በአንድ አየችን። "የምታወሩት ስለ አንድ ዕቃ ነው?"

አዎ፣ ስለ አንድ ዕቃ ነበር። የዋሸም አልነበረም። ነገሩ ስለከነከነኝ በማግስቱ አራቱንም ማጫወቻ ለመንኩና ሰበሰብኩ። አንድ ዘፈን በአራቱም ላይ ጫንኩ። በአንድ ኢርፎን፣ ጸጥ ባለ ክፍል፣ እያፈራረቅኩ ሰማኋቸው። ልዩነት አላገኘሁባቸውም። እንግዲያው አራቱን አስተያየት የለያያቸው ከማጫወቻው ውጭ ያለ ነገር ነው። ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ላስረዳ። ዕቃ ከመግዛቱ በፊት የተጠቃሚ አስተያየት ለሚጠይቅ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ዘፈን ጆሯችን እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ እንይ። ሚሞሪው ላይ ያለው ዘፈን ድምፅ አይደለም፤ የቁጥር ክምር ነው። ማጫወቻው ቁጥሩን ያነባል። ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ኃይል ጨምሮ ወደ ኢርፎኑ ይልከዋል። ኢርፎኑ አየር ያንቀጠቅጣል። ከዚያ የታክሲው ጩኸት፣ የጎረቤቱ ወፍጮ፣ የሰሚው ዕድሜ ይጨመርበታል። የማጫወቻው ድርሻ መሃሉ ላይ ያለው ብቻ ነው። ሰው ግን የሰማውን ሁሉ ለማጫወቻው ይሰጣል። እጁ ላይ ያለው እሱ ነውና።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ "ቆርቆሮ" እንምጣ።

ሲዲ ላይ ድምፅ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት ይይዛል (ቢት ማለት አንድ 0 ወይም 1 ነው፤ 8 ቢት አንድ ባይት ይሆናል)። ለሁለቱ ጆሮ ሲደመር በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይሆናል። በዚህ ዓይነት የአራት ደቂቃ ዘፈን ከ40 ሜጋባይት በላይ ይይዛል። ለትንሽ ማጫወቻ ይህ ብዙ ነው። በጀርመን የፍራውንሆፈር ተቋም የነበሩ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ዘዴ አበጁለት። ኤምፒ3 የምንለው ይህ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው።

ዘዴው የጆሯችንን ጠባይ ይጠቀማል። ከበሮ "ድም" ሲል፣ በዚያው ቅጽበት የሚነካ ቀጭን የክራር ድምፅ ጆሯችን አይለየውም። ትልቁ ትንሹን ይሸፍነዋል። ኤምፒ3 የሚሸፈነውን እየለየ ይጥለዋል፣ ወይም በጥቂት ቁጥር ብቻ ይመዘግበዋል። በሰከንድ 128 ኪሎቢት ሲሆን ዘፈኑ ከሲዲው 11 ጊዜ ያህል ያንሳል። በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሳይሃን የተባለው የደቡብ ኮሪያ ኩባንያ ያወጣው ኤምፒማን የተባለ ማጫወቻ 32 ሜጋባይት ነበረው። ግማሽ ሰዓት የሚሆን ዘፈን መያዣ ነው። በጊዜው ግን በኪስ የሚያዝ፣ ካሴትም ሲዲም የማይሻ ዕቃ ማየት ትልቅ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 አፕል 5 ጊጋባይት ያለውን አይፖድ አወጣ፤ እስከ 1,000 ዘፈን ይይዛል ተባለ።

ችግሩ ያለው ሲበዛ ሲጨመቅ ነው። የእህቴ ልጅ ዘፈኖቹን ሚሞሪ በሚሞላለት ሱቅ ነው ያስጫነው። ፋይሎቹን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ አየኋቸው። ብዙዎቹ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ነበሩ። የአራት ደቂቃው ዘፈን 2 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። በዚህ መጠን መጀመሪያ የሚጎዳው ቀጭኑና ድንገተኛው ድምፅ ነው። ጭብጨባ ይድበሰበሳል። ጸናጽል ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ይሆናል። የማሲንቆው ፀጉር ክሩን ሲሞርደው የሚወጣው ያ አንጀት የሚበላ ሻካራነት ይጠፋል። ዘመናዊ ዘፈን ላይ ያልታወቀኝ ጉዳት ትዝታ በማሲንቆ ስሰማ ወዲያው ገባኝ። ማጫወቻን መፈተን የፈለገ ሰው በጭብጨባና በጸናጽል ይፈትን እላለሁ።

ሌላም አለ። ጥቂቶቹ ፋይሎች 320 ኪሎቢት ይላሉ፤ ድምፃቸው ግን ከ64ቱ አይሻልም። አንዴ የተጨመቀ ዘፈን እንደገና በትልቅ መጠን ተቀድቶ ነው። የፎቶ ኮፒን ፎቶ ኮፒ በትልቅ ወረቀት ብታነሱት ጽሑፉ አይጠራም። የተጣለው ቁጥር ተመልሶ አይመጣም። ምንም ሳይጥል የሚያሳንሰው ፍላክ የሚባለው ዓይነት እንኳ ከተበላሸ ፋይል ከተሠራ ትርፉ ሚሞሪ መሙላት ብቻ ነው። ስለዚህ "ፍላክ ይጫወታል" የሚል አስተያየት ስታነቡ፣ ሰውየው ፍላኩን ከየት እንዳገኘው ጠይቁ።

ይህን ለልጁ ካሳየሁት በኋላ ከኦሪጅናል ሲዲ የተገለበጠ አንድ አልበም ጫንኩለት። ለረጅም ሰዓት ኢርፎኑን ከጆሮው አላወጣም። "ቆርቆሮ" የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

የአክስቴ ነገር ግን ሌላ ነው። እሳቸው ስለ ድምፁ ቅሬታ የላቸውም። መዝሙርና ስብከት ነው የሚሰሙት። የመጀመሪያው ችግራቸው ስክሪኑ ላይ ነበር። የመዝሙሩ ስም በአማርኛ ተጽፎ ተጭኗል። ማጫወቻው ግን በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። አሥራ አምስት ሳጥን፣ ከዚያ ሌላ አሥራ አምስት ሳጥን። የትኛው የማርያም መዝሙር፣ የትኛው ስብከት እንደሆነ በምን ይለዩ?

ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው? ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ገብቷል። ማለትም ለ"ሀ"፣ ለ"ሁ"፣ ለ"ሂ" ለእያንዳንዳቸው የታወቀ ቁጥር አለ። ማጫወቻው ቁጥሩን ያነበዋል። ነገር ግን ቁጥሩን ይዞ የሚስለው የፊደል ቅርጽ ውስጡ አልተጫነም። አምራቹ ቦታና ወጪ ለመቆጠብ የላቲኑን፣ የቻይናውንና ጥቂት ሌሎችን ብቻ ይጭናል። ስልካችን አማርኛን ስለሚያሳይ ሁሉም ዕቃ የሚያሳይ ይመስለናል። እውነቱን ለመናገር ይህ ያናድደኛል። ሦስት መቶ ያህል ምልክት መጨመር ለእነሱ ከባድ አይደለም። እኛ ገዢዎቹ አጥብቀን ካልጠየቅን ግን ማንም አያስበውም። የውጭ አገር ገዢዎች የጻፉትን መቶ አስተያየት ብታነቡ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አታገኙም። እነሱን አልነካቸውማ።

ለአክስቴ በላቲን ፊደል ብጽፍላቸው አይጠቅማቸውም። ስለዚህ በቁጥር አደረግሁት። መዝሙር አንድ ፎልደር፣ ስብከት ሌላ ፎልደር። እዚህም ጣጣ አለ። ፋይሎቹን 1፣ 2፣ 3 እያልኩ ብሰይማቸው ማጫወቻው 1፣ 10፣ 11፣ ከዚያ 2 ብሎ ደረደራቸው። ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ፊደል ስለሚያነብ ነው። 01፣ 02፣ 03 ስላቸው ተስተካከለ። አንዳንድ ማጫወቻ ደግሞ ስሙን ትቶ በተገለበጡበት ቅደም ተከተል ያጫውታል። የዚያ ዓይነት ከገጠማችሁ ፋይሎቹን ተራ በተራ መገልበጥ ነው።

ሁለተኛው ችግራቸው ይበልጥ ያሳዝን ነበር። ስብከቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አክስቴ ወጥ እየሠሩ ሃያ ደቂቃ ይሰማሉ። ከዚያ አንድ መዝሙር ያስገባሉ። ወደ ስብከቱ ሲመለሱ ከ"በስመ አብ" ይጀምራል። ወራት ሙሉ አንዱን ስብከት ጨርሰው አያውቁም ነበር! ይህ ማጫወቻ ያቆመበትን የሚያስታውሰው ሲጠፋና ሲበራ ብቻ ነው። ሌላ ፋይል ከተከፈተ ይረሳዋል። የአራት ደቂቃ ዘፈን ለሚሰማ ሰው ይህ ጉድለት አይታየውም። እኔ ዓመት ሙሉ ይዤው አላወቅሁትም። ስብከት፣ ትረካ ወይም ቋንቋ መማሪያ ለሚሰማ ግን ከድምፅ ጥራት በፊት የሚጠየቅ ነገር ነው። መፍትሔ ብዬ ያደረግሁት ስብከቱን ኮምፒውተር ላይ አሥር አሥር ደቂቃ አድርጎ መቁረጥ ነው። ቢጠፋባቸው የሚጠፋው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። "አሁን ሰው ሆነ" አሉ። ሆኖም "ለእኔ ዓይነት ሰው አልተሠራም" የሚለው ቃላቸው ልክ ነበር፤ ያለ እኔ ጣልቃ መግባት አያገለግላቸውም ነበር።

ወደ ጋሼ እንሂድ። ጋሼ ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ተረኛ ናቸው። ሌሊቱን የሚያሳልፉት በሬዲዮ ነው። ሸገር 102.1ን በጣም ይወዳሉ። በበዓል ሰሞን ልጃቸው ገመድ አልባ ኢርፎን ገዛላቸው። ከዚያ በኋላ ሬዲዮው "ጠፋ"። ማጫወቻው ሞተ ብለው አመኑ።

አልሞተም። በዚህ ማጫወቻ ላይ የኢርፎኑ ገመድ ድምፅ ማስተላለፊያ ብቻ ሳይሆን የሬዲዮው አንቴናም ነው። የኤፍኤም ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለመያዝ ረዘም ያለ ሽቦ ይፈልጋል። ጣት የምታህል ዕቃ ውስጥ እንዲህ ያለ ሽቦ የሚዘረጋበት ቦታ የለም። ስለዚህ የኢርፎኑን ገመድ ይዋሳል። የብሉቱዝ ሞገድ 12 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ አንቴናው ውስጥ ይገባል። ገመዱን ስትነቅሉት ብሉቱዙ ይሠራል፣ ሬዲዮው ግን ጆሮውን ያጣል። የድሮውን ባለገመድ ኢርፎን ሰካሁላቸው። ሸገር መጣ። የጋሼ ፊት ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም።

ባትሪውስ? ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የባትሪ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ድምፁ መካከለኛ ሆኖ፣ በገመድ፣ ኤምፒ3 እየተጫወተ ነው። ብሉቱዝ ሲከፈት የሚላክ ሞገድ አለ፤ ለእሱ ባትሪ ይወጣል። ጋሼ ደግሞ ሰዓት ለማየት ስክሪኑን ደጋግመው ያበራሉ። ሌላው ሙቀት ነው። ቀን ቀን ማጫወቻውን ቻርጅ ላይ ሰክተው የጥበቃ ቤቱ ውስጥ ይተውት ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው እንደ ምጣድ ይግላል። የሊቲየም ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሙቀት ውስጥ መዋል አይወድም። በደህና አያያዝም ቢሆን ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ አቅሙ መቀነሱ የተለመደ ነው። የጋሼ አስተያየት የዓመት አስተያየት ነው፣ ስለዚህ ዋጋው ትልቅ ነው። ዕቃውን በያዙ በሦስተኛው ቀን ቢጠየቁ ኖሮ "ሸጋ" ይሉ ነበር። የተጠቃሚ አስተያየት ስትሰሙ መጀመሪያ "ስንት ጊዜ ሆነዎት?" በሉ።

የእኔ ውዳሴም መመርመር አለበት። እኔ በየቀኑ ከአባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ ወደ መሃል ከተማ እሄዳለሁ። ሰልፉን ጨምሮ በመንገድ ላይ የማሳልፈው ጊዜ ብዙ ነው። ያ ማጫወቻ ያንን ሰዓት የእኔ አድርጎልኛል። ስለዚህ ስወደው ግማሹ ፍቅር የዘፈኑና የጸጥታው ነው። በዚያ ላይ ካርቶኑ ውስጥ የመጣውን ኢርፎን አልተጠቀምኩም። ጫፉ ላይ ላስቲክ ያለው፣ ጆሮን የሚደፍን ጥሩ ኢርፎን ቀድሞም ነበረኝ። ይህን ለጎረቤታችን ሳልነግራት "ግሩም ነው" ማለቴ ትክክል አልነበረም።

የሚደፍን ኢርፎን ለጤናም ይጠቅማል። የታክሲው ሞተር፣ የረዳቱ ጥሪና ጥሩምባው ወፍራሙን ድምፅ ይሸፍኑታል። ሰው ደግሞ ጩኸቱን ለማሸነፍ ድምፅ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። 90 ሲደርስ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። የውጭው ጩኸት ከተደፈነ በዝቅተኛ ድምፅ በደንብ ይሰማል። መንገድ ስትሻገሩ ግን አውልቁት፣ እባካችሁ። "ድምፁ ትንሽ ነው" የሚል ቅሬታም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚሁ ከማይደፍን ኢርፎን ነው። ወይም ደግሞ 250 ወይም 300 ኦም (ኦም ማዳመጫው ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው) የሆነ ትልቅ የስቱዲዮ ማዳመጫ በትንሽ ማጫወቻ ላይ ከመሰካት። ለእንዲህ ያለ ዕቃ ከ16 እስከ 32 ኦም የሆነው ይስማማዋል።

ሚሞሪን በተመለከተ ሁለት ቅሬታ ይደጋገማል። "8 ጊጋ ተብዬ 7.4 አገኘሁ" የሚለው ማታለል አይደለም። አምራቹ በሺህ ይቆጥራል፣ ኮምፒውተሩ በ1,024። ዕቃው ያው ነው። "ዘፈኖቼ ተበላሹ" የሚለው ግን ከባድ ሊሆን ይችላል። ውስጡ 8 ሆኖ 64 ነኝ የሚል ሐሰተኛ ሚሞሪ ካርድ ገበያ ላይ አለ። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱ ዘፈን በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይም ባዶ ይሆናል። ካርዱን አፉ ድረስ ሙሉትና የመጀመሪያዎቹንም የመጨረሻዎቹንም ዘፈኖች አጫውቱ። ይህን ሳታደርጉ ማጫወቻውን አትክሰሱ።

ስለ ቀለሙ፣ ስለ ቀጭንነቱ፣ ካርቶኑ ላይ ስለተጻፈው 192 ኪሎኸርዝ (ድምፅ በየሰከንዱ 192,000 ጊዜ ይለካል ማለት ነው) ብዙ አልልም። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ፣ ማለትም በሰከንድ እስከ 20,000 ንዝረት ነው፣ ያንንም በዕድሜ እየቀነሰ። የሲዲው መጠን ይህን ይሸፍናል። ለዚያ ቁጥር የሚጨመረውን ብር ኢርፎን ላይ ብታውሉት ይሻላል።

ይህን ሁሉ ለጎረቤታችን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ቅዳሜ መገናኛ ወርዳ ሦስት ሱቅ ዞረች። የራሷን ሚሞሪና የራሷን ኢርፎን ይዛ ነው የሄደችው። ሚሞሪው ላይ ስማቸው በአማርኛ የተጻፈ ሁለት ዘፈንና አንድ ረጅም ትረካ ጭኜላት ነበር። በየሱቁ ትረካውን አስጀምራ፣ መሃል ላይ አቁማ፣ ዘፈን ከፍታ፣ ተመልሳ አየች። ሁለቱ ከመጀመሪያው ጀመሩባት። ሦስተኛው ካቆመበት ቀጠለ። ስሙን ግን እሱም በሳጥን ነው ያሳየው። ገዛችው።

ትናንት ደረጃ ላይ ስንገናኝ አንዱ ጆሮዋ ላይ ኢርፎን አለ። "እንዴት ነው ታዲያ?" አልኳት።

"ገና ሳምንቴ ነው" አለች። "ከስድስት ወር በኋላ ጠይቀኝ።"